«አንቀበልም» ያለ ትምህርት ቤት በሕግ ይጠየቅ?

የክርክሩ ከፋች፦
በዚህ ሳምንት የምንከራከርበት ጥያቄ ይህ ነው። አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ አልመዘግብም የሚል ትምህርት ቤት፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ በሕግ መጠየቅ አለበት ወይስ የለበትም? የአብዛኞቻችን ልጆች አራት ኪሎ፣ ፒያሳና ካዛንቺስ ስለሚማሩ በቅርብ ከምናውቀው እንነሣ። የትምህርት ቤት ስም አንጥራ።

እናት፣ አራት ኪሎ፦
ይጠየቅ ባይ ነኝ። ልጄ ኦቲዝም አለበት። ማንም ሳያስተምረው ፊደልን ከታክሲ ታፔላ ላይ የለየ ልጅ ነው። ይዤው በሄድኩባቸው ትምህርት ቤቶች «አንቀበልም» የሚለውን ቃል በግልጽ የተናገረ ሰው የለም። «ቦታ ሞልቷል» ይሉኛል። «ለእሱ የሚሆን ባለሙያ የለንም፣ ለእሱው ብለን ነው» ይሉኛል። አንድ ቦታ ላይ ጸሐፊዋ መዝገቡን ከፍታ ስሙን ልትጽፍ እስክሪብቶ አንሥታ ነበር። ደወል ተደወለ፤ ልጄ ሁለት ጆሮውን ይዞ ጮኸ። መዝገቡን መልሳ ዘጋችውና «ርእሰ መምህሩ ሲመጡ ይጠይቁ» አለችኝ። ርእሰ መምህሩም ቦታ ሞልቷል አሉ። ወረዳ ሄጄ አቤት ስል የተጠየቅኩት ማስረጃ ነው። ምን ላቅርብ? የከለከለኝ ሁሉ በቃል ነው የከለከለኝ።

የግል ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ ካዛንቺስ፦
እህቴ፣ የደረሰብዎት ነገር ያሳዝናል፤ በእኔም ግቢ ተመሳሳይ ነገር አልሆነም ብዬ አልምልም። ግን በቅጣት ይስተካከላል ብዬ አላምንም። የምንሠራው ለመኖሪያ በተሠራ የኪራይ ቪላ ውስጥ ነው። መምህራኖቻችን ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት የሰሙት በኮሌጅ ሳሉ በአንድ ኮርስ ብቻ ነው። ተቀበሉ ብላችሁ ብታስገድዱን እንቀበላለን፤ ልጁ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ ዓመቱም ያልቃል። የተመዘገበ ሁሉ ተማረ ማለት አይደለም። ሕገ መንግሥቱም ቢሆን አንቀጽ 41 ላይ ለአካል ጉዳተኞች የሚደረገውን እንክብካቤ የአገሪቱ የኢኮኖሚ አቅም በፈቀደው ደረጃ ብሎ ወስኖታል። መንግሥት ራሱ አቅሜን ልየው እያለ እኔ እንዴት ብዬ ልቅደም?

የሕግ ባለሙያ፣ ልደታ፦
ርእሰ መምህሩ የጠቀሱት አንቀጽ አለ፤ ነገር ግን ብቻውን አይደለም የሚነበበው። አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ጸድቋል። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ማንም ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላይ የትምህርት ሥርዓት እንዳይገለል ያዛል። ተመጣጣኝ ማመቻቸትን፣ ማለትም ለልጁ የሚያስፈልገውን ተገቢ ማስተካከያ፣ መንፈግ ራሱ አድልዎ መሆኑንም አንቀጽ 2 በትርጉም ክፍሉ አስቀምጦታል። ከአቅም በላይ የሆነ ጫና የሚፈጥር ነገር ግን አይጠየቅም። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ «አልችልም» ማለቱ ክርክሩን አይዘጋውም፤ ምን ተጠይቆ ምን እንዳቃተው ማሳየት አለበት።

«አቅም የለንም» የሚለው መልስ በሌላም አገር ፍርድ ቤት ቀርቦ ያውቃል። በአሜሪካ ዋና ከተማ ዋሽንግተን ወላጆች የትምህርት ቦርዱን ከሰሱ፤ ጉዳዩም በ1972 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተወሰነ። ቦርዱ ገንዘብ የለኝም አለ። ዳኛው ገንዘብ ካነሰ እጥረቱ በጤነኛው ልጅ ላይ ካረፈው በላይ በአካል ጉዳተኛው ልጅ ላይ ሊጫን አይገባም ብለው ወሰኑ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። እጥረት ይኖራል። ሁልጊዜ እጥረቱን ቤት እየዋለ የሚከፍለው ያው አንድ ልጅ ሲሆን ግን ጉዳዩ የአቅም መሆኑ ቀርቶ የምርጫ ይሆናል።

የግል ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ ካዛንቺስ፦
አሜሪካን ካነሣን አይቀር እስከ መጨረሻው እናንሣት። በ1975 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጡት ሕግ የፌደራሉ መንግሥት ለእያንዳንዱ አካል ጉዳተኛ ተማሪ፣ ለአንድ ተማሪ በአማካይ ከሚወጣው ወጪ እስከ 40 በመቶ እሸፍናለሁ ብሎ ነበር፤ ያንን ያህል ከፍሎ አያውቅም። በሕጉ ይበልጥ የሚጠቀመውም ጠበቃ ማቆም የሚችል ወላጅ ነው። እኛ ጋ ጠበቃ የሚያቆመው ማን ነው?

አባት፣ ከፒያሳ የተነሣ፦
ልጄ በዊልቸር ነው የምትሄደው። ሰፈራችን በ2016 ሲፈርስ ወደ ዳር ወጣን፤ በአዲሱ ሰፈር ያገኘነው ትምህርት ቤት የክፍሏን ልጆች ሦስተኛ ፎቅ ላይ መድቧቸዋል። ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለዊልቸር መግቢያ እንዲኖረው በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ በአንቀጽ 36 ካዘዘ ስንት ዓመቱ ነው? እሺ፣ አሳንሰር አልጠይቅም። ያንን ክፍል ምድር ቤት ካለው ጋር ማቀያየር ስንት ብር ያስወጣል? ሁለት ምልክት ነቅሎ ሁለት ምልክት መስቀል ነው። እስኪቀያየር ድረስ በየጠዋቱ አዝያት ወጣሁ፤ እያደገች ስትሄድ ሰው እያያት መታዘሉን ጠላችው። አቅም የሚባለው ነገር የት እንደሚጀምር ርእሰ መምህሩ ይንገሩኝ።

የልዩ ፍላጎት መምህርት፣ አራዳ፦
ከሁለቱም ወገን እውነት አለ፤ እኔ ከክፍል ውስጥ ልናገር። ዓይነ ስውር ተማሪዎች ከሌሎች ጋር ተቀላቅለው የሚማሩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው። የሒሳብ መምህሩ ጎበዝ ነው፤ ልጆቹንም ይወዳል። ሰሌዳው ላይ ይጽፍና «ይህንን ከዚህ ጋር ስናባዛ ይህ ይመጣል፤ ገባችሁ?» ይላል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ» ይላል። ዓይነ ስውሯ ተማሪዬ ስታይለሷን፣ የብሬል መጻፊያዋን፣ እንደያዘች ትቀራለች። «ይህ» ማለት ምን ማለት ነው? ወረቀቱን ስዳስሰው ቀኑንና ርእሱን ብቻ ጽፋለች። ሄጄ ነገርኩት። የሚጽፈውን ጮክ ብሎ እያነበበ መጻፍ ጀመረ። አንድ ሳንቲም አልወጣም። ከዚያ በኋላ ከመጨረሻ ረድፍ የሚቀመጡት ዓይናማዎችም ትምህርቱ ይበልጥ እንደገባቸው ነገሩኝ።

ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር እንዲህ በነፃ አይመጣም። የብሬል መጽሐፍ ለዓመቱ ሲደርስ ዓመቱ ተጋምሶ ይሆናል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ልጅ ደግሞ ጮክ ብሎ ማንበብ አይበቃም፤ የራሱ ዕቅድ፣ የራሱ ፍጥነት፣ ቀኑን ሙሉ አብሮት የሚሆን ሰው ይፈልጋል። ያንን የምሠራው እኔ ነኝ፤ ግቢው ውስጥም እኔ አንድ ነኝ። ስለዚህ ርእሰ መምህሩ ሲቀጣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ተመልካች የሚሆንበት ሕግ ከሆነ አልደግፈውም። ባለሙያ የሚመድበውና በጀት የሚለቀው አካል አብሮ ይጠየቅ።

መስማት የተሳነው ወጣት፣ ስድስት ኪሎ፦
በሁላችሁም ንግግር ውስጥ እኔ የለሁበትም። እስከ 4ኛ ክፍል መስማት የተሳናቸው ልጆች ብቻ በሚማሩበት ትምህርት ቤት በምልክት ቋንቋ ነው የተማርኩት። ጓደኛ ነበረኝ፤ እጣላለሁ፤ እታረቃለሁ፤ አንደኛ እወጣ ነበር። ከዚያ ወደ መደበኛ ክፍል ተዛወርኩ። አስተርጓሚ የለም። የመምህሩን ከንፈር ስከታተል ወደ ሰሌዳው ይዞራል። ዓመቱን ሙሉ የጓደኛዬን ደብተር ገለበጥኩ። ማንም «አንቀበልህም» አላለኝም፤ ተቀብለውኛል፤ ግን የሚያናግረኝ አልነበረም። የሕግ ባለሙያው የጠቀሱት አንቀጽ 24 እኮ ለኛ ትምህርቱ በሚስማማ ቋንቋ እንዲሰጥ ይላል። እባካችሁ ሕጉ መዝገብ ላይ ስም መጻፍን ብቻ የሚያስገድድ አይሁን። ልዩ ትምህርት ቤቶችንም «ማግለያ» እያላችሁ አትዝጉብን። ለእኔ ያ ቤት ማግለያ አልነበረም።

እናት፣ አራት ኪሎ፦
ወንድሜ፣ ይህንን ከአንተ መስማቴ ጥሩ ሆነልኝ። እኔም ልጄ የግድ ከጎረቤት ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ይቀመጥ አላልኩም። የት ቢማር እንደሚሻለው ከእኔ ጋር ቁጭ ብሎ የሚወስን ሰው ነው ያጣሁት። አሁን የሚወስነው ያቺ የተዘጋች መዝገብ ናት።

ስለዚህ ጥያቄዬን ላጥብበው። ቅጣቱ ይቆየን። ሕጉ በቅድሚያ ይህንን ያስገድድ፦ ልጅ የማይመዘግብ ትምህርት ቤት ምክንያቱን በደብዳቤ ጽፎ፣ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ ለወላጁ ይስጥ። ምን እንደጎደለው፣ ያንን ለማሟላት ማንን ጠይቆ ምን መልስ እንዳገኘ ይግለጽ። ቦታ ሞልቶ ከሆነም ቦታ ሞልቷል ብሎ ይጻፍ። ርእሰ መምህር፣ እርስዎስ ይህንን ደብዳቤ ይጽፉልኝ ነበር?

የግል ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ ካዛንቺስ፦
ቅጣቱን አሁንም እቃወማለሁ። ደብዳቤውን ግን እጽፍ ነበር፤ ግልባጩ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚደርስ ከሆነ። ባለሙያ እንዲመደብልን በቃል የጠየቅንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እኛም ቢሆን በእጃችን የያዝነው ወረቀት የለም። ለአባትየውም፣ ስለ ክፍሉ መቀያየር መልስ የለኝም፤ ትክክል ናቸው።

የሕግ ባለሙያ፣ ልደታ፦
እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢኖር ለሰብአዊ መብት ኮሚሽን ወይም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ማቅረብ ይቀላል፤ ጠበቃ ማቆምም ግዴታ አይሆንም። ፍርድ ቤት የሚደርስ ከሆነ ደግሞ ዳኛው የሚያነበው ነገር ያገኛል። ይህ ለርእሰ መምህሩ የጠበቃ ጥያቄ በከፊል መልስ ይመስለኛል፤ በከፊል ብቻ።

የልዩ ፍላጎት መምህርት፣ አራዳ፦
የጊዜ ገደቡን አትርሱ። ምዝገባ በክረምት አልቆ መስከረም ላይ ትምህርት ይጀመራል። ደብዳቤው በጥቅምት ተጽፎ የአቤቱታው መልስ በጥር ቢመጣ ልጁ ዓመቱን ቤት ውሎ አለፈ ማለት ነው። በምዝገባው ሳምንት ውስጥ ይሰጥ፤ አቤቱታው እስኪወሰን ድረስም ልጁ ክፍል ገብቶ ይጠብቅ የሚል ካልተጨመረበት እኔ አልፈርምም።