አስታማሚ ወላጆችን ያጠና ጽሑፍ ያለ ኮሬክ ይታለፍ ወይስ ይመለስ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ የታመሙ ልጆችን የሚያስታምሙ ወላጆችን በቃለ መጠይቅ ያጠና ጽሑፍ የኮሬክን ቅጽ ሞልቶ ካልመጣ፣ መጽሔቶች ሳይገመግሙት ይመልሱት? ኮሬክ በ2007 የወጣ፣ በ3 ክፍል 32 ነጥቦች ያሉት፣ በቃለ መጠይቅና በቡድን ውይይት የተሠራ ጥናት ምን ምን መጻፍ እንዳለበት የሚዘረዝር ቼክሊስት ነው።

ገምጋሚው፦ ይመለስ ባይ ነኝ። በብዛት የሚጎድለው ጠያቂው ማን እንደነበረ ነው። የልጁን ደም የምትቀዳው ነርስ ራሷ ጋዋን ለብሳ «አገልግሎቱ እንዴት ነው?» ብትል እናትየው ምን ትመልስ? ልጇ ነገም እዚያው አልጋ ላይ ነው። ኮሬክ የጠያቂውን ሙያ፣ ሥልጠና፣ ከተጠያቂው ጋር ያለውን ትውውቅ፣ አጠገብ ማን እንደነበረ ለየብቻ ያስጽፋል። ይህ ከሌለ «አስታማሚዎች ረክተዋል» የሚል ጭብጥ ምን ላይ ይቆማል?

የዘዴ መምህርቷ፦ ወንድሜ፣ ችግሩን ልክ ብለሃል፤ መድኃኒቱ ግን ቅጹ አይደለም። አሞላሉ ይታወቃል እኮ! ከነጥብ 14 እና 15 ጎን «ገጽ 6» ይጻፋል፤ ገጽ 6 ሲገለጥ «ጸጥ ባለ ቦታ ተካሄደ» ብቻ ይላል። የነርሶች ክፍል ይሁን ኮሪደር፣ ባል ይኑር አማት፣ ምንም የለም። ሳቹሬሽንም (ተጨማሪ ቃለ መጠይቅ አዲስ ሐሳብ ማምጣት የሚያቆምበት ደረጃ) እንዲሁ ነው። ነጥብ 22 ስለሚጠይቅ ብቻ «በ12ኛው ሰው ደረስንበት» ይባላል። ያ ቁጥር የመጣው በጋናና በናይጄሪያ ከሴቶች ጋር በተደረጉ 60 ቃለ መጠይቆች ላይ ተመሥርቶ በ2006 ከታተመ ሥራ ነው፤ ጸሐፊዎቹም ተጠያቂዎቹ ሲመሳሰሉና ጥያቄው ሲጠብ ብለው ገድበውታል። ካንሰር፣ የልብ ሕመምና የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ልጆች እናት፣ አባትና አያት ደባልቆ 12 ላይ ማቆም በምን ሒሳብ ነው? በጭብጥ ትንተና ሥራቸው የሚታወቁት ብራውንና ክላርክማ ለእነሱ ዓይነቱ ትንተና የሳቹሬሽን መለኪያው ራሱ አይስማማም ይላሉ።

ገምጋሚው፦ መምህርት፣ ሰው አለባብሶ ሞላው ተብሎ ቅጹ ይቅር? «ገጽ 6» ያለውን ገልጦ ማየት የኛ ሥራ ነው። ቅጹ ከሌለ ደግሞ የምንገልጠውንም አናውቅም።

የሕፃናት ክፍል አጥኚዋ፦ ሁለታችሁም ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ብቻ ነው የምታወሩት። «እምቢ ያለ የለም» የሚል ጽሑፍ ሳይ የሚያሳስበኝ ሕክምና አቋርጠው ወደ ገጠር የተመለሱት፣ ልጃቸውም የሞተባቸው ወላጆች ናቸው። ነጥብ 13 የሚጠይቀው እምቢ ያለውንና ያቋረጠውን ተሳታፊ ነው፤ ጭራሽ ያልተጠየቀውን አያነሳም። ስለዚህ ስም ዝርዝሩ ከየትኛው መዝገብ እንደተወሰደ፣ ከክፍሉ የወጡት በስልክ ተፈልገው እንደሆነ ይጻፍ። ሌላው ክፍተት ትርጉም ነው፤ ከ32ቱ አንዱም አይጠይቀውም። በአፋን ኦሮሞ ወይም በሲዳምኛ ተጠይቆ በእንግሊዝኛ ኮድ ሲደረግ (ንግግሩ በሐሳብ ተከፋፍሎ መለያ ሲሰጠው) ማን ተረጎመው? ኮዲንጉ ከትርጉም በፊት ነው በኋላ? ስንቱ ትራንስክሪፕት (ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ ቃል) ከድምፁ ጋር ተመሳከረ? ለኢትዮጵያ ጽሑፎች 33ኛ ነጥብ ሊሆን ይገባው ነበር።

የሥነ ምግባር ኮሚቴ አባሉ፦ እኔ የምፈራው ዝርዝሩ ሲበዛ ነው። ዕድሜ፣ ወረዳ፣ የልጆች ቁጥርና የልጁ ሕመም በአንድ መስመር ከተደረደሩ፣ ሕመሙም ብርቅ ከሆነ፣ የክፍሉ ሠራተኛ «ተሳታፊ 7» ማን እንደሆነች ወዲያው ያውቃል። ቀጥሎ ደግሞ ሐኪሙን የወቀሰችበት ቃሏ ይመጣል።

ገምጋሚው፦ የተሳታፊውን ቁጥር ካጠፋችሁት ግን ጥቅሱ ሁሉ ከ3 እናቶች አፍ የወጣ መሆኑን በምን እንይ?

የሥነ ምግባር ኮሚቴ አባሉ፦ ቁጥሩ ከጥቅሱ ጎን ይቆይ፤ የግል መረጃው ግን በድምር ይቅረብ። ስንት እናት፣ ስንት አባት፣ ዕድሜያቸው ከስንት እስከ ስንት። የተሳታፊ ቁጥርና ሕመም አንድ ሠንጠረዥ ላይ አይገናኙ።

የዘዴ መምህርቷ፦ በዚህ እስማማለሁ። ሳይገመገም ይመለስ በሚለው ግን አሁንም አልስማማም። ቅጽ አስገድዱ ካላችሁ በ2014 የወጣው ባለ 21 ነጥቡ ኤስአርኪውአር፣ ሌላው የእንዲህ ዓይነት ጥናቶች ቼክሊስት፣ ለዘዴ ልዩነት ሰፋ ያለ ቦታ አለው። ደግሞስ ይህ ሁሉ በመጽሔቱ የቃል ገደብ ውስጥ የት ይገባል? ተጨማሪ ፋይል ውስጥ ከተጣለ ማን ያነበዋል?

ገምጋሚው፦ እኔ። መጀመሪያ የምከፍተውም የጥያቄ መምሪያውን ነው፤ ጥያቄዎቹ ሁሉ በ«አዎ» እና በ«አይ» የሚመለሱ ከሆኑ ወደ ጭብጡ አልሄድም።