ክብደት ሳነሣ ክብደት ጨመርኩ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም እህቶቼ። የባሕር ዳር ነዋሪና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከአራት ወር ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ክብደት አነሣለሁ። በባዶ ብረት ጀምሬ አሁን 50 ኪሎ ተሸክሜ ቁጢጥ ብዬ እነሣለሁ። ሚዛኑ ግን ከ62 ወደ 65 ኪሎ ወጣ። ወገቤ በሦስት ሴንቲ ሜትር ቀንሷል፤ የጠበበኝ የቀሚሴ ትከሻ ነው። እናቴማ «የታንኳ ቀዛፊ ትከሻ አወጣሽ» ብላ ትስቅብኛለች። አዲስ ልምምድ ሲጀመር ጡንቻ ውኃ ስለሚይዝ ሚዛን እንደሚጨምር አውቃለሁ፤ ከአራት ወር በኋላም ውኃ ነው ማለት ይቻላል?

የባሰው ጭንቀቴ የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለም። ጣና ደጃፌ ላይ ሆኖ ዓሣም አልቀምስም፤ በእኛ ቤት ዓሣ የፍስክ ነው። ጡንቻ ለሚገነባ ሰው በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይመከራል፤ ለእኔ ከ100 ግራም በላይ ማለት ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር የሚሰጠው 25 ግራም ገደማ ነው። ሽሮውና ጤፉ ቢያግዙም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልበላ ቆይቼ ያን ሁሉ የት አደርገዋለሁ? ሆዴ ከወዲሁ ይነፋል!

የምሠራው ጠዋት በ12 ሰዓት ነው። ወደ ማታ፣ ከበላሁ በኋላ ላዛውረው? ወይስ እስከ ፋሲካ ብረቱን ላቅልል? እየጾማችሁ ክብደት የምታነሡ፣ በአንድ ቀን የምትበሉትን በዝርዝር ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።