ለባስ የተሠራ ዘንግና ሪል ለጀማ ይሆናል? ክሩስ ምን ይሁን?

የመርሐቤቴው (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ዓለም ከተማ ነው። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከነሪላቸው (ከነክር መጠቅለያቸው) ልኮልኛል። ሁለቱም ባስ ለሚባለው ዓሣ የተሠሩ ናቸው። ባስ ደግሞ እኛ ጋ የለም። እኔ የምወርደው ጀማ ወንዝ ነው፣ አንዳንዴም ወንጪት። የሚያዘውም ቢልጫና አምባዛ ነው። እስካሁን ያለ ዘንግ በእጅ ክር ነበር የማጠምደው።

አንደኛው ሪል ከዘንጉ ሥር የሚንጠለጠል ነው፣ የሚገለበጥ ሽቦ አለው። ዘንጉ ላይ ሚዲየም፣ 6 ጫማ ተኩል፣ ክር ከ8 እስከ 14 ፓውንድ ይላል። ሌላው ሪል ከዘንጉ በላይ ይቀመጣል፣ በአውራ ጣት ይያዛል። የሱ ዘንግ ሚዲየም ሄቪ፣ 7 ጫማ፣ ከ12 እስከ 20 ፓውንድ ነው። ክር ግን አብሮ አልመጣም። በየትኛው ልጀምር? ምን ዓይነት ክር ልግዛ? ጀማ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ስለሆነ ሪሉንስ እንዴት ላቆየው? እዚህ የሚጠግነው ሰው ስለሌለ አንዴ ከተበላሸ በቃ ማለት ነው።

የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ከጆርጂያ፦
ወንድሜ እንኳን ደስ አለህ፣ ጥሩ ዕቃ ነው የደረሰህ። እኔ እዚህ ባስ አጠምዳለሁ። ባስ በሣርና በወደቀ ግንድ ውስጥ ተደብቆ የሚያደባ ዓሣ ነው። ሲነክስ ወዲያው ከሣሩ ጎትተህ ካላወጣኸው ይጠላለፍብሃል። ዘንጉ ጫፉ ብቻ የሚታጠፍና ወገቡ ጠንካራ የሆነው ለዚያ ነው። በክብደት ከሄድን ደግሞ የባስ የዓለም ሪከርድ እዚሁ ጆርጂያ እ.ኤ.አ. በ1932 የተያዘው ነው፣ 10 ኪሎ ገደማ። በ2009 ጃፓን ውስጥ ተስተካካዩ ተይዟል። አብዛኛው ባስ ግን ከ2 ኪሎ አያልፍም። ስለዚህ ዘንጎችህ ቢልጫን በደንብ ይችላሉ። ትልቅ አምባዛ ከመጣ ግን ሚዲየም ሄቪውን ያዝ።

በሚንጠለጠለው ሪል ጀምር። ስፒኒንግ ይባላል፣ ለለማጅ ቀላል ነው። ቀላል ማባበያም ይወረውራል። የላይኛው ቤይትካስተር ልምድ ይፈልጋል። ማባበያው አየር ላይ ፍጥነቱን ሲቀንስ ቦቢኑ መዞሩን ካላቆመ ክሩ ውስጥ ለውስጥ ይተበተባል፣ ፈትተህ አትጨርሰውም። እሱን ስትለማመድ 15 ግራም ገደማ የሚመዝን ነገር እሰርበት። የጎኑን ማጥበቂያ ክብደቱ ቀስ እያለ እንዲወርድና መሬት ሲነካ ቦቢኑ እንዲቆም አድርገህ አስተካክል። ከዚያ ሜዳ ላይ ተለማመድ። ነፋስ ባለበት ቀን አትሞክረው።

ክር ብሬይድ (ከቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነውን) ግዛ። ቀጭን ነው፣ አይለጠጥም፣ ዓሣው ሲነካካው እጅህ ላይ ይሰማሃል።

ጀማ ወራጅ፦
ከላይ ያለው ወንድሜ ስለ ባስ የተናገረው ልክ ነው። ብሬይዱን ግን ለጀማ አልመክርም። ሐይቅ ላይና ሣር ውስጥ የሚያህለው የለም፣ ድንጋይ ላይ ግን ሲወጠር ቶሎ ይበጠሳል። ጀማ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ድንጋይ ነው። ቢልጫ ሲነክስ ሣር ውስጥ አይገባም፣ ከውኃው ጋር ቁልቁል ይሮጣል። ያኔ ክሩ በየቋጥኙ ጠርዝ ይታሻል። የሚለጠጥና መታሸት የሚችል ነው የሚያስፈልግህ።

ስለዚህ ለስፒኒንጉ ባለ 12 ፓውንድ ተራ ናይለን በቂ ነው። ውፍረቱ 0.33 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ይሸከማል። መርካቶ ስትገዛ የቆየውን አይስጡህ። ናይለን ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፣ ሱቅ መስኮት ላይ ተደርድሮ የከረመ ክር አዲስ ቢመስልም አዲስ አይደለም። ጫፉን ቋጥረህ በሁለት እጅህ ሳብ። ያለ ችግር ጠቅ ካለ ተወው።

ፍሎሮካርቦን የሚባለውን ክር ካገኘህ ቦቢኑን በሙሉ በሱ አትሙላው፣ ውድ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ከመንጠቆው በፊት አስረው። ውኃ ውስጥ ብዙም አይታይም፣ ይሰጥማል፣ ከናይለንም በተሻለ መፋተግን ይችላል። ከኅዳር በኋላ ውኃው ሲጠራ ልዩነቱን ታየዋለህ። አምባዛ ለመያዝ ደግሞ ወፈር ያለውን አድርግ። የአምባዛ አፍ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ጥቃቅን ጥርስ አለ፣ ቆይቶ ቀጭን ክር ይበላል። ክንፉ ሥር ያለው እሾህም ስለሚወጋ መንጠቆ ስትነቅል ተጠንቀቅ።

እኔን ብትሰማኝ ገንዘብህን ክር ላይ አውጣ። ዘንግ ለዓመታት ያገለግላል፣ ክር ግን በየወቅቱ ይቀየራል። ብዙ ሰው ዓሣ የሚያመልጠው በዘንጉ ሳይሆን ባረጀ ክር ነው። ከእያንዳንዱ ትልቅ ዓሣ በኋላ የመጨረሻዋን ሜትር በጥፍርህና በጣትህ መሃል አሳልፋት። ከሻከረች ቁረጥና እንደገና እሰር። ቋጠሮውን ከማጥበቅህ በፊት በምራቅ አርጥበው፣ በደረቁ ከሳብከው በሰበቃ ይሞቅና ክሩ እዚያው ላይ ይደክማል።

የመርሐቤቴው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ናይለኑን አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አለ፣ አስመጣለሁ። ቦቢኑ ላይ ስጠቀልለውስ? ጎረቤቴ ሞክሮ ክሩ ሁሉ ተጠማዘዘበት። ዓሣው ሲጎትት ክር የሚለቀው የሪሉ ፍሬንስ ምን ያህል ይጥበቅ?

ጀማ ወራጅ፦
የክሩን ጥቅል መሬት ላይ አጋድመው። በመጀመሪያ ክሩን በዘንጉ ቀለበቶች አሳልፈህ፣ ሽቦውን ከፍተህ ቦቢኑ ላይ እሰር። ትንሽ ዞር አድርግና ላላ አድርገህ እየው፣ ከተጠማዘዘ ጥቅሉን ገልብጠው። የጥቅሉ አወራረድና የሪልህ አዟዟር አንድ አቅጣጫ መሆን አለበት። ክሩን በእርጥብ ጨርቅ ያዝ አድርገህ ጠቅልል። ቦቢኑን እስከ አፉ አትሙላው፣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል አስቀር። ካለፈ እየተዘረገፈ ይወጣል፣ ካነሰ ሩቅ አይሄድልህም። ስትወረውርም ሽቦውን በእጅህ መልሰው፣ እጀታውን በማዞር አትዝጋው።

ለፍሬን ደንቡ ከክሩ አቅም ሩብ እስከ ሢሶ ነው። ለ12 ፓውንድ አንድ ኪሎ ተኩል አካባቢ ይሆናል። ሚዛን ከሌለህ ባለ አንድ ተኩል ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሙላና ከክሩ ጫፍ እሰረው። ዘንጉን አጋድመህ ይዘህ ክሩ ከሪሉ ራሱ እንዲወርድ አድርግ። ሃይላንዱ ተንጠልጥሎ ከቀረና ትንሽ ወደ ታች ሳብ ስታደርገው ቀስ ብሎ ክር ከለቀቀልህ ልክ ነው። ሳትነካው ከወረደ አጥብቅ፣ እየሳብከውም ካልለቀቀ አላላ።

የስፌት መኪና ጠጋኝ፣ ደብረ ብርሃን፦
ልጄ፣ ሪል የሚጠግን የለም ያልከው ብዙም አያስጨንቅህ። በውስጡ ጥርስ፣ ኩሽኔታና ስፕሪንግ ነው ያለው። አሸዋ ግን ጠላቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሪሉን አሸዋ ላይ አታስቀምጥ። ዘንጉን ስታሳርፍ የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አስደግፈው።

ከጀማ ስትመለስ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ በንጹሕ ውኃ ላይ ላዩን አለቅልቀው። ውኃው ቀስ ብሎ ይውረድበት፣ በጎማ በግፊት አትርጨው፣ አሸዋውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ባልዲ ውስጥም አትንከረው። በጨርቅ ጥረግና ጥላ ላይ አድርቀው። ከዚያ ፍሬኑን ፈጽሞ አላላው፣ ተጠብቆ ከከረመ ውስጡ ያሉት ዲስኮች ይጫናሉ፣ በኋላ ክሩን እያቆራረጠ ነው የሚለቀው።

የስፌት መኪና ዘይት ካለህ ሌላ አትፈልግ። አንድ ጠብታ እጀታው መዞሪያ ላይ፣ አንድ ጠብታ ክሩ የሚያልፍባት ትንሿ መዘውር ላይ። ያቺ መዘውር ካልዞረች ክሩን ትበላዋለች፣ ሰው ግን ከሁሉም የሚረሳው እሷን ነው። የፍሬኑ ዲስኮች ላይ ግን ዘይት አይንካ፣ ይንሸራተታሉ። ጥርሱ በዓመት አንዴ ስስ ግራሶ ይበቃዋል። ስትፈታ ነጭ ጨርቅ ዘርጋ፣ ዕቃውን በወጣበት ተራ አስቀምጥ፣ በየደረጃው በስልክህ ፎቶ አንሳው። ሪሉ ለስላሳ ከሆነና ድምፅ ከሌለው ግን አትክፈተው።

ዘንጉን በተመለከተ በየቀለበቱ ውስጥ ጥጥ አሳልፍ። ጥጡ ከተያዘ ስንጥቅ አለ፣ ያ ስንጥቅ አዲሱን ክር ሁሉ ይላግብሃል። ዘንጉ ከሁለት የሚገጣጠም ከሆነ መጋጠሚያውን ሁሌም ጠርገህ ግጠም።

የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ከጆርጂያ፦
ጋሼ ሁሉንም ጨርሰውታል። እኔ አንድ ልጨምር። ዓሣውን ስታወጣ ዘንጉን ቀጥ አድርገህ ወደ ራስህ አታቁመው። ጫፉ ብቻ ሸክሙን ይይዝና ይሰበራል። አብዛኛው ዘንግ የሚሰበረው ዓሣው እግርህ ሥር ሲደርስ ነው። ወደ ጎን አጋድለህ ዳር አድርሰውና በእጅህ አንሳው። ከመኪና በርም ጠብቀው። ስለ ድንጋዩም ጀማ ወራጅ ያለው አሳምኖኛል፣ ብሬይዱን ሣር ያለበት ሐይቅ ስትሄድ ታስበዋለህ።

ሸዋ ሮቢት፦
ወንድሜ፣ ስለ ዕቃው ብዙ ተብሏል፣ እኔ ስለ ወቅቱ ልንገርህ። በክረምት ጀማ በረሃ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ደጋው ላይ የዘነበው ድንገት ይደርሳል። የበሬሳም የሌሎቹም ወንዞች ውኃ ወደዚያው ነው የሚወርደው። ውኃው መደፍረስ ሲጀምር፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ሲመጣ ካየህ ዘንጉን ትተህም ቢሆን ውጣ። ደሴት ላይ ተሻግረህ አታጥምድ።

ሌላው ደግሞ ቢልጫ እንቁላሉን የሚጥለው በዝናቡ ወቅት ወደ ገባሮቹ ሽቅብ እየወጣ ነው። ያን ጊዜ በየገባሩ አፍ ላይ ተከማችቶ ታገኘዋለህ፣ መያዙም ቀላል ነው። እባክህ እዚያ አትያዘው። ሆዱ የተነፋውን ከያዝክም እጅህን አርጥበህ መልሰው። ብርብራ እየወቀጡ ውኃ ውስጥ የሚጨምሩትንም ካየህ ዝም አትበል፣ ትልቁንም ጫጩቱንም ነው የሚፈጀው። ለሆቴል መሸጥ ካሰብክ ደግሞ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 315/1995፣ አስቀድመህ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቅ።

የመርሐቤቴው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለሽያጭ አይደለም እህቴ፣ ለቤት ነው። ጋሼ፣ አንድ ብቻ ልጠይቅዎት፤ የላይኛው ሪል ከጎኑ ሦስት ትንንሽ ብሎን አለው፣ ለዘይት እሱን መፍታት አለብኝ?

የስፌት መኪና ጠጋኝ፣ ደብረ ብርሃን፦
አሁን አትንካው። አዲስ ስለሆነ ውስጡ ዘይት አለው። የቦቢኑን ሁለት ጫፍ ብቻ በወቅቱ አንድ አንድ ጠብታ ስጠው። ካበዛህ ይፈስና ክሩን ያበላሸዋል። መፍታት የሚያስፈልግ ቀን ሲመጣ ደግሞ ልክ የሚገባ ካቻቢቴ ያዝ፣ ያልገጠመ ካቻቢቴ የብሎኑን አናት ይበላዋል።