ኪንግስ ዶሚኒየን ቀጥሎ ምን ቢጨምር ይሻላል? የአናኮንዳ ቦታ ላይስ ምን ይምጣ?

የዉድብሪጅ_አባት፦

ሰላም ወገን። ሁሌ ስለ ኢሚግሬሽንና ስለ ሞርጌጅ ከምናወራ ዛሬ እስኪ ትንሽ ዘና የሚያደርግ ነገር ላንሳ። ሜሪላንድ የነበረው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ የሚባለው መዝናኛ ፓርክ ኖቬምበር 2፣ 2025 ዘግቶ ስለቀረ እኛ ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ያለን ሰዎች ልጅ ይዘን የምንሮጥበት ትልቅ ፓርክ ቨርጂኒያ ያለው ኪንግስ ዶሚኒየን ብቻ ሆነ ማለት ይቻላል። ቡሽ ጋርደንስ አለ ግን ዊሊያምስበርግ ድረስ ነው፣ ኸርሺፓርክ ደግሞ ፔንስልቬንያ ነው፣ ለፍሬድሪክና ለጀርመንታውን ሰው ይመች ይሆናል እንጂ ለኛ ሩቅ ነው። እና ዘንድሮ ሲዝን ፓስ ገዛን። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ የ14፣ የ9 እና የ4 ዓመት፣ እናቴም ካገር ቤት ለክረምቱ መጥታ አብራን ናት።

ጥያቄዬ፣ አናኮንዳ የሚባለውን ኮስተር (ከፍ ካለ ሐዲድ እየተወረወረ የሚሄደውን የመጫወቻ ባቡር) በ2024 አሰናበቱት፣ በ2025 ራፕቴራ የሚባል ሌላ ኮስተር ከፈቱ፣ ከዚህ በኋላስ ምን ቢጨምሩ ትላላችሁ? በተለይ ሐይቁ ዳር አናኮንዳ የነበረበት ቦታ ላይ።

የኔን ልንገራችሁ። እኛ በሩ ላይ ፎቶ ከተነሳን በኋላ እስከ ማታ አንገናኝም። ትልቁ ወደ ፓንቴሪያን ኮስተር ይበራል፣ ሚስቴ ትንሿን ይዛ የሕፃናቱ ክፍል ፕላኔት ስኑፒ ትገባለች፣ እኔና የ9 ዓመቱ ቁመቱ የሚፈቅድለትን ስንፈልግ እንዞራለን፣ እናቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ቦርሳ ትጠብቃለች። አንድ ቀን ለምነን ለምነን አንዷ ቀለል ያለች ላይ አስቀመጥናት፣ ተቆጣጣሪው ልጅ በትህትና መጥቶ ነጠላዋን ታውልቅ አለኝ፣ ያው የሚበር ነገር አይፈቀድም። "ሰው ፊት ነጠላዬን አውልቄ በብረት ልታሰር?" ብላ አማትባ ወረደች። ስድስታችንም አንድ ላይ የወጣንበት ነገር ፓርኩ ውስጥ ያለው፣ በአሳንሰር የሚወጣበት የአይፈል ታወር አምሳያ ብቻ ነው። እሱንም ወርደን ስንጨርስ "ለአሳንሰር ነው እንዴ ይሄን ያህል የነዳኸው፣ ቦሌ ሞልቶ የለ" አለችኝ 😂

ስለዚህ የኔ ምኞት አያትም የ4 ዓመት ልጅም ጎረምሳም አንድ ላይ የሚሳፈሩበት አንድ ነገር ነው። እናንተስ?

ኮስተር_ሱሰኛ፦

ወንድሜ ነጥብህ ገብቶኛል፣ እናትህን ሳልስቅባቸው አላለፍኩም ይቅርታ ይበሉልኝ፣ ግን አንድ ነገር እንተማመን፣ ሰውን ከቤቱ አስነስቶ 95 አውራ ጎዳና ላይ የሚያሰልፈው ትልቁ ኮስተር ነው። ፓንቴሪያንን ውሰድ፣ ድሮ ኢንቲሚዴተር 305 ይባል የነበረውን፣ 305 ጫማ ከፍታ በሰዓት 90 ማይል፣ በ2010 ሲከፈት የመጀመሪያው ኩርባ ላይ የሰው ዓይን እየጨለመ አስቸገረና ለቀጣዩ ወቅት ኩርባውን ሠርተው አሰፉት። አሁንም እዛች ኩርባ ላይ እግርህን ካልወጠርክ ብልጭ ጨለም ትልብሃለች፣ ሰው ከኦሃዮ ከኒው ጀርሲ ድረስ የሚመጣው ለሷ ነው። አይፈል ታወር ለማየት ከኦሃዮ የሚነዳ የለም።

ቢሆንም የአናኮንዳ ቦታ ላይ ሌላ 300 ጫማ ጭራቅ ይተከል አልልም። አናኮንዳ በ1991 ሲመጣ ነገሩ ሐይቁ ነበር፣ ከሚገለበጡት ኮስተሮች በውሃ ስር ዋሻ ያለው የመጀመሪያው እሱ ነው ይባላል፣ በኋላ አረጀና ጭንቅላትህን ከግራና ከቀኝ ሲደበድበው ይውል ጀመር እንጂ ቦታው ወርቅ ነው። እዛ ላይ እኔ የምፈልገው በማግኔት የሚወነጨፍ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እየተወነጨፈ በውሃው ላይ ዝቅ ብሎ የሚሄድ፣ የማይገለበጥ፣ ላፕ ባር (ጭን ላይ የሚወርድ ማሰሪያ ብረት) ብቻ ያለው፣ የ9 ዓመት ልጅህም የሚገባበት። ማግኔቱ ደግሞ ለዚህ ፓርክ እንግዳ አይደለም፣ ፍላይት ኦፍ ፊር በ1996 ሲከፈት ኦሃዮ ካለው መንትያው ጋር በማግኔት ከሚወነጨፉት የመጀመሪያዎቹ ናቸው፣ በ4 ሰከንድ 54 ማይል። ጨለማ ቤት ውስጥ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ሁላችንም እዛ ነው የምንሸሸው፣ ስለዚህ ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ የሚሆን ራይድም (መጫወቻም) ቢጨምሩ አልጠላም። የነሐሴ ዝናብ መብረቅ ይዞ ሲመጣ ኮስተሩ ሁሉ ይቆማል።

አሮጌውን ማደስም አለ። ሀርለር የሚባል እንጨት ኮስተር ነበር፣ ጀርባ ይሰብር ነበር ይላሉ፣ የእንጨቱን አቋም ይዘው የብረት ሐዲድ ጫኑበትና በ2018 ትዊስትድ ቲምበርስ ሆኖ ወጣ፣ አሁን ከሁሉም የምወደው እሱን ነው፣ ገና መውረድ ሲጀምር እየተገለበጠ ነው የሚወርደው። እናቴ ቪዲዮውን ሳሳያት "ጤነኛ ነህ?" አለችኝ፣ ስለዚህ እናቶቻችን ይተዋወቁ።

በነገራችን ላይ ቱምቢሊ የሚባለውን (በ2022 የመጣውን፣ ወንበሩ ራሱን ችሎ የሚገለባበጠውን) ስሙን ያየ አለ? ስዋሂሊ ነው፣ ጦጣ ማለት ነው። አንድ ኬንያዊ ሥራ ባልደረባዬ ምልክቱን ሲያይ መሬት ላይ ወድቆ ነው የሳቀው። ቀጣዩን ኮስተር "ጭላዳ" ይበሉልን እንጂ።

የልጆች_እናት_ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

እናንተ ወንዶች ደግሞ ማግኔት ማግኔት ትላላችሁ። ኧረ ጥላ! ጥላ ነው የሚያስፈልገው! ዛፍ፣ ሸራ፣ ውሃ የሚረጭ ማራገቢያ፣ ጠርሙስ የምንሞላበት ቦታ በየሃምሳ እርምጃው። ቡሽ ጋርደንስ ሄዳችሁ ከሆነ ዛፉ ራሱ አንድ ራይድ ነው፣ ሰልፉ ውስጥ ቆማችሁ እንኳን ቅጠል ይነፍስባችኋል። አዲስ ራይድ የሚተክሉበት ገንዘብ ላይ ትንሽ ቀንሰው ሰልፉ ላይ ጣሪያ ቢሠሩ እኔ አጨበጭባለሁ።

ሁለተኛው ምግብ ነው። የትኛው ፓርክ እንደሆነ ስሙን ልተወው፣ አምና ፍልሰታ ላይ ሄድን። የጾም ነገር አለ ወይ ብዬ ካውንተሩ ላይ ያለውን ልጅ ጠየቅኩት፣ ስጋ የሌለው፣ ወተት የሌለው፣ ቺዝ የሌለው፣ እንቁላል የሌለው ብዬ በጣቴ እየቆጠርኩ። ልጁ አሰበ አሰበና የበርገር ዳቦውን ከፍቶ ሰላጣና አንድ ቅጠል የምታህል ቲማቲም አስገብቶ ሰጠኝ። ዋጋው የሙሉ በርገር ዋጋ! ዳቦው ራሱ ውስጡ ወተት ይኑረው አይኑረው እግዜር ይወቅ። ከዛ በኋላ ምን አደረግን መሰላችሁ፣ እጃችን ላይ ማህተም አስመትተን ወጥተን ፓርኪንግ ላይ የመኪናውን ቡት ከፈትን፣ ከኩለሩ ውስጥ የቲማቲም ፍትፍት፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ቃሪያ በፌስታል። ባለቤቴ ቆሞ እያጎረሰኝ ነው፣ አጠገባችን የቆመው ፒክአፕ ውስጥ ያሉት ሰዎች እያዩን ነበር፣ ኋላ ላይ ሴትየዋ መጥታ ምንድነው አለችን፣ አቀመስናት፣ ቃሪያዋን ነክሳ ውሃ ፍለጋ ሮጠች 😅

እና ምኞቴ ይቺ ናት፣ አንዲት ትንሽ ሱቅ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ሩዝ፣ አትክልት። ለኛ ብቻ አይደለም፣ ህንዱም ቪጋኑም ሙስሊሙም ይሰለፍበታል። እንጀራ አላልኩም፣ እንጀራማ ካመጡ እዛው ነው የማድረው።

የዉድብሪጅ_አባት፣ እናትህን እሷ ወንበር ላይ እኔም አውቃታለሁ፣ እኔም ያለሁት እዛ ነው፣ ሰላም በልልኝ።

የድሮ_ኦፕሬተር፦

ሲክስ ፍላግስ ሲዘጋ እውነት ለመናገር አልቅሻለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር፣ ሃይስኩል እያለሁ ሁለት ሰመር ራይድ ላይ ሠርቻለሁ። ዋይልድ ዋን የሚባለውን እንጨት ኮስተር የምታስታውሱ አላችሁ? ማሳቹሴትስ ውስጥ ፓራጎን ፓርክ የሚባል ቦታ በ1917 ተሠርቶ፣ በ1986 ወደ ሜሪላንድ ያመጡት ነው። 1917! አገር ቤት ዘውዲቱ በነገሠችበት ሰሞን የተሠራ ነገር ላይ እኔ ሰው አሳፍር ነበር። ኪንግስ ዶሚኒየን ምን ይጨምር ካላችሁኝ እሱን አምጥቶ ይትከል፣ እንደማይሆን አውቃለሁ፣ ምኞት አይከለከልም።

ግን አሁን ወደ ቁምነገሩ። ሁላችሁም አዲስ ራይድ ትላላችሁ፣ ሰልፉን የሚያሳጥረው አዲስ ራይድ ሳይሆን የባቡሩ ፍጥነት ነው፣ ማለቴ የመሮጡ ሳይሆን የመነሳቱ። አስቡት፣ አንድ ባቡር 24 ሰው ይይዛል እንበል። በየ90 ሰከንዱ ከለቀቅነው በሰዓት 40 ጊዜ፣ 960 ሰው ይሄዳል። በየ3 ደቂቃው ከሆነ 480። ያው ኮስተር፣ ያው ሐዲድ፣ ግማሽ ሰው! ሰልፉ ላይ አንድ ሰዓት የቆምከው ሁለት ሰዓት ትቆማለህ ማለት ነው። ሁለተኛው ባቡር ጋራዥ ውስጥ ተሰትሮ አንዱ ብቻ ሲመላለስ ካያችሁ፣ ወይ ጥገና ላይ ነው ወይ ሠራተኛ የለም።

ምን ያዘገያል ብትሉኝ ደግሞ የወንድማችን እናት ነጠላ አይደለም፣ ነጠላ ጫማ ነው! ሰው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው ነጠላ ጫማው ትዝ የሚለው። ተነስቶ ያወልቃል፣ ማዶ ያለው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው፣ እንደገና ይነሳል። እኔ ላፕ ባሩን ገፍቼ ቼክ አድርጌ አውራ ጣቴን ለማዶው ልጅ ላሳይ ስል አንዱ እጁን ያወጣል፣ "ኮፍያዬ!"። 23 ሰው ታስሮ አንድ ኮፍያ ይጠብቃል። ኦርላንዶ ዩኒቨርሳል ያለው ቬሎሲኮስተር በ2021 ሲከፈት ይሄን ፈትቶታል፣ ሎከሩ (የዕቃ ማስቀመጫ ሳጥኑ) ሁለት በር አለው፣ ስትገባ በዚህ በኩል ታስቀምጣለህ ስትወጣ በዛ በኩል ትወስዳለህ፣ ስትሳፈር እጅህ ባዶ ነው። እሱን እያንዳንዱ ትልቅ ኮስተር ላይ ቢያስገቡ ከአዲስ ኮስተር እኩል ነው እላለሁ፣ ቲክቶክ ላይ ግን አያምርም፣ ለዛ ነው የማይሠሩት መሰለኝ።

ገርጂ_ነኝ፦

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው፣ ዝም ብዬ እያነበብኩ ነበር። እኛ እዚህ እንጦጦ ፓርክ ዚፕላይን አለን፣ ፈረስ አለ፣ ጎካርት አለ። ኮስተር ደግሞ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል በሚኒባስ፣ ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ላፕ ባር የለም፣ የቁመት ገደብ የለም፣ ሰልፉ ብቻ ነው የሚመሳሰለው። ኑ 😂

ጋሽ_ሪችመንድ፦

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። እኔ ሪችመንድ ከመጣሁ አርባ ዓመት አልፎኛል፣ ይሄንን ፓርክ ከናንተ በፊት ነው የማውቀው፣ እና የዉድብሪጁ ልጄ ያነሳኸው ነገር ድሮ ነበር። ፓርኩ በ1975 በሙሉ ከመከፈቱ አንድ ዓመት ቀድሞ ላየን ካንትሪ ሳፋሪ የሚባል ነበረው፣ አራዊቱ ሜዳ ላይ ተለቀው ሰው በሞኖሬል ከላይ እየሄደ ያያቸው ነበር። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ጓደኞቼ "አንበሳ እናሳይህ" ብለው ወሰዱኝ። እኔ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ አጥር ስር ያደግኩ ሰው! ሌሊት ሲያገሳ እየሰማሁ ነው የተኛሁት። ግን ምን ልበላችሁ፣ ሞኖሬሉ ላይ ሽማግሌውም ሕፃኑም አብሮ ይቀመጥ ነበር፣ አይጮህም፣ አይገለበጥም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። በ1993 ዘጉት። እኔ የምመኘው እንግዲህ እሱን ነው፣ አንበሳው ቢቀር እንኳን ዙሪያውን ቀስ ብሎ የሚዞር ባቡር፣ ጥላ ያለው፣ እግር ሲዝል ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚያደርስ። ቡሽ ጋርደንስ ባቡር አለው።

ደግሞ ማሻሻል ራይድ ብቻ አይደለም። ያ ሁለት ሐዲድ ያለው ነጩ እንጨት ኮስተር፣ ሬሰር 75 የምትሉት፣ እስከ 2018 ድረስ ስሙ ሬብል ዬል ነበር፣ የኮንፌዴሬት ወታደሮች የጦርነት ጩኸት ማለት ነው። ስንት ዓመት ጥቁር ልጆቻችንን ይዘን እሱ ላይ ተሰልፈናል፣ ስሙን ሳናስበው። ቀየሩት፣ ደግ አደረጉ፣ እሱንም ማሻሻል በሉት።

ኮስተር_ሱሰኛ፦

ጋሼ ይሄንን አላውቅም ነበር፣ አንበሳ እዛ መኖሩን! እግዜር ይስጥልኝ። የቨርጂኒያ ትምህርት ቤት ሕግ ጉዳይስ የዚሁ ፓርክ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ጋሽ_ሪችመንድ፦

አዎ ልጄ፣ የኪንግስ ዶሚኒየን ሕግ ነው የሚባለው። ከ1986 ጀምሮ ትምህርት ቤት ከሌበር ዴይ (የሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ) በፊት አይከፈትም ነበር፣ ልጆቹ ነሐሴን ሙሉ ፓርክ እንዲሄዱ፣ ጎረምሶቹም እዛው እንዲሠሩ። በ2019 ሕጉን ላላ አደረጉት። ስለዚህ ነሐሴ መጨረሻ ሰልፉ የሚቀለው ለዚያ ነው፣ ልጅ ትምህርት ቤት ካልገባ የማክሰኞን ቀን ሂዱበት።

የዉድብሪጅ_አባት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ የድሮ_ኦፕሬተር የባቡሩን ሂሳብ ለትልቁ ልጄ አሳየሁት፣ ቅዳሜ ስልኩ ላይ ሰከንድ እየቆጠረ ነው የዋለው፣ ለፓርኩ ኢሜል እጽፋለሁ እያለ ነው። እኔም የአስተያየት ፎርማቸው ላይ ሐይቁ ዳር ቀስ የሚል ባቡር፣ ሁለት በር ያለው ሎከርና የጾም ምግብ ብዬ ላክሁ። የሲልቨር ስፕሪንጓ እህቴ፣ ቃሪያውን አልጻፍኩትም።

ጋሼ፣ ድሮ እዛ አንበሳ ነበር፣ በ1993 ዘጉት ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ "እንኳን ዘጉት" አለችኝ፣ "አንበሳው ሲመጣ እናንተ ሁላችሁ ሰማይ ላይ፣ ቦርሳው ጋ እኔ ብቻ።"