አስቸኳይ፦ የሎሚ ጂኔ መረረብኝ፤ እንግዶች ሊደርሱ ነው

ጠያቂዋ፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ፤ እንግዶቼ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደርሳሉ። ለስምንት ሰው የሚሆን የሎሚና የጂን ኮክቴል በጆግ አዘጋጅቼ ስቀምሰው ፊት የሚያጨማድድ መራራ ሆኖብኛል። ስኳር ብጨምርበትም ሥሩ ላይ ዘቅጦ ቀረ። የጂኑ ጠርሙስ ከተከፈተ ዓመት ስላለፈው ተበላሽቶ ይመስለኛል። ልድፋው?

ባለ ሎሚው፦ ስንት ጂን፣ ስንት ሎሚ? ልኩን ሳትነግሪን ምን እንበልሽ? እኔ ለአንድ ሰው 60 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 25 የሎሚ ጭማቂና 20 የስኳር ሽሮፕ አደርጋለሁ። ጎምዘዝ እንዲል የሚወድ ሽሮፑን ወደ 15 ያውርደው።

ጓዳዬ፦ ስኳር በቀዝቃዛ መጠጥ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም። ሽሮፕ ሥሪ፤ እኩል ስኳርና ውሃ እሳት ላይ አማስዪ፤ ስኳሩ ሲጠፋ አውርደሽ አቀዝቅዢ። ማማሰሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የመርከብ ወዳጅ፦ ሰዎች የዚህን መጠጥ ታሪክ ቢያውቁት መልካም ነው። መርከበኞች በስከርቪ (በቫይታሚን ሲ እጥረት በሚመጣ በሽታ) ሲያልቁ ጄምስ ሊንድ የተባለ ሐኪም በ1747 ብርቱካንና ሎሚ ሰጥቶ መዳናቸውን አየ። በ1867 ደግሞ ላችላን ሮዝ የሎሚ ጭማቂን ያለ አልኮል፣ በስኳር ጠብቆ የማቆያ ዘዴ አስመዘገበ። ጂምሌት የሚባለው ኮክቴል ጂንና እንዲህ ያለው ጣፋጭ የሎሚ ጭማቂ ነው።

ጠያቂዋ፦ ታሪኩን ነገ በደስታ አነበዋለሁ። አሁን ግን ሃምሳ ደቂቃ ነው የቀረኝ!

ሰከን በሉ፦ ጂኑን እንዳትደፊው። 40 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ ክዳኑ ከተዘጋ አይበላሽም፤ ቢበዛ ለጂን ጣዕሙን የሚሰጠው የጥድ ፍሬ መዓዛ ይደክማል። ደግሞ ጎምዛዛና መራራ አንድ አይደሉም፤ ጎምዛዛውን ስኳር ያርቀዋል፣ መራራው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ሎሚውን በምን ጨመቅሽው?

ጠያቂዋ፦ አልጨመቅሁትም። ስድስቱንም ቆራርጬ ከነልጣጫቸው በመፍጫ ፈጨኋቸው።

ሰከን በሉ፦ ያውልሽ! ከልጣጩ ሥር ያለው ነጩ ክፍልና የውስጡ ዘር መራራ ናቸው፤ መፍጫው ሁሉንም አድቅቆ ጭማቂው ውስጥ አስገብቶታል። ቆይቶም ምሬቱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። አሁኑኑ በንጹሕ ጨርቅ አጥልዪው፤ ከዚያ ቁንጥጫ ጨው ጨምሪበት። ጨው ምሬትን ያለዝባል፤ ጨው ጨው እስኪል ግን አይደለም።

ጓዳዬ፦ እኔ አሁንም ሽሮፕ እላለሁ።

ባለ ሎሚው፦ በጨው የሚድን አይመስለኝም። ሎሚ ካለሽ ለመጀመሪያው ዙር አዲስ በእጅሽ ጭመቂ፤ ለስምንት ሰው 480 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 200 ጭማቂ፣ 160 ሽሮፕ። ሎሚውን ከመቁረጥሽ በፊት ጠረጴዛ ላይ በመዳፍሽ አሸት አሸት አድርጊው፤ ብዙ ጭማቂ ይሰጥሻል። ስትጨምቂም ልጣጩን አጥብቀሽ አታድቅቂው። በረዶውን ጆግ ውስጥ አትክተቺ፤ ኋላ የመጣው እንግዳ ውሃ ይጠጣል። የእያንዳንዱን ድርሻ ከበረዶ ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በኃይል ናጪና አጥልለሽ ቅጂ። ከበረዶው የሚቀልጠው ውሃም የመጠጡ አካል ነው፤ ያለ እርሱ ጉሮሮ ያቃጥላል።

ብርጭቆ፦ የእንቁላል ነጭ ቢጨመርበት አረፋው እንዴት ያምራል! መጀመሪያ ያለ በረዶ፣ ከዚያ ከበረዶ ጋር መናጥ ነው።

ሰከን በሉ፦ በዚህ ጥድፊያ መሐል እንቁላል አታስጀምሯት። እህቴ፣ ያጠለልሽውን ሽሮፕና ሶዳ ጨምረሽ በረጅም ብርጭቆ አቅርቢው፤ ምሬቱ ሲሳሳ የሚወደው አይጠፋም።

ጠያቂዋ፦ አራት ሎሚ አገኘሁ፤ ሽሮፑ እሳት ላይ ነው። የመጀመሪያው እንግዳ ደወለ፤ መንገድ ላይ ነው።

ጓዳዬ፦ ሽሮፑን ሳይቀዘቅዝ እንዳትጨምሪው፤ በረዶውን ያቀልጥብሻል።

ብርጭቆ፦ እንዴት ሆነላችሁ? እኔም ነገ እንግዳ አለብኝ፤ ደግሞ ሎሚውን በመፍጫ ለመፍጨት አስቤ ነበር።