ቱባዬ ታች ኖታ ላይ እየዘገየብኝ ነው፣ የማውዝፒሱን ሪም ልቀይር ወይስ ካፕ?

ቤዝ ከቨርጂኒያ፦
ሰላም የብራስ ሰዎች። እዚህ ሰፈራችን ባለ ኮሚኒቲ ባንድ ውስጥ ቢ ፍላት ቱባ (ትልቁን ወፍራም ድምፅ ያለውን ጥሩምባ) እጫወታለሁ፣ ቱባው ያገለገለ የጀርመን ስሪት ሮታሪ (ቫልቩ የሚዞር) ነው፣ ማውዝፒሱ (አፍ ላይ የሚያዘው መንፊያ) ደሞ ከድሮ ጀምሮ አብሮኝ ያለ የባክ ስሪት፣ ሞዴሉ 18። መሃል ላይ ድምፁ ደህና ነው ምንም አይወጣለትም፣ ግን ከስታፉ (ኖታ ከሚጻፍባቸው አምስት መስመሮች) በታች ስወርድ ቶሎ አይነሳም፣ በተለይ ፒያኖ (በቀስታ) ስገባ መጀመሪያ አየር ብቻ ፍፍፍ ይላል ከዛ ነው ድምፁ የሚመጣው፣ ሲመጣም የተበተነ ነገር ነው። እነዚህ ሪም (ከንፈር የሚያርፍበት ጠርዝ) ለብቻ ካፕ (ውስጡ ያለው ጎድጓዳ) ለብቻ ሻንክ (ቱባው ውስጥ የሚገባው ጭራ) ለብቻ እየተባሉ የሚሸጡትን የማውዝፒስ ክፍሎች አየሁና ልቤ ከጀለ፣ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፣ ሁሉንም ባንዴ አልችልም። ከየቱ ልጀምር? አንድ ጓደኛዬ ደሞ ትሮቱን (የማውዝፒሱን ጠባብ ቀዳዳ) በድሪል አስፋው ይገላግልሃል እያለኝ ነው።

የማርሽ ባንድ ሰው፣ አዲስ አበባ፦
ልጄ ድሪሉን ተወው! ከሰፋ በኋላ የሚመልሰው የለም። ትሮት ሲሰፋ አየሩ እንደልብ ያልፋል እውነት ነው፣ ግን የሚገፋህ ነገር ስለሚቀንስ ኖታው ቦታውን አይዝም፣ ትንፋሽህም ቶሎ ያልቃል። አንተ እኮ 5.5 ሜትር ገደማ የሚሆን ቱቦ ነው የምትሞላው፣ ቫልቭ ስትጫን ደሞ ይጨምራል። ከመግዛትህ በፊት ቱባው አየር እንደማያፈስ እይ። ቫልቩን ሳትጫን ስላይዱን (የቫልቩን ተሳቢ ቱቦ) ሳብ አርገው፣ ትንሽ ቆይተህ ቫልቩን ተጫን፣ ጷ ካለ ደህና ነው፣ ዝም ካለ ያፈሳል። የውሃ ማፍሰሻዋን ቡሽም እያት። ታች ኖታ ብዙ ቫልቭ ስለሚጠቀም ቀዳዳ ካለ መጀመሪያ እዛ ነው የሚያስታውቀው። እኛ ጋ እንኳን ሪም መምረጥ ስቶር የሰጠህን ተቀብለህ ነው ሰልፍ የምትወጣው፣ እናንተ ታድላችኋል።

ዘ ሙኒክ፦
ጋሼ ልክ ናቸው፣ እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የጠረጠርኩት። ቱባው የጀርመን፣ ማውዝፒሱ አሜሪካ የተገዛ፣ አይደል? የሻንክ ሳይዝ በብዛት ሁለት አይነት ነው፣ የአሜሪካው ቀጠን ይላል፣ የአውሮፓው ወፈር ይላል፣ ልዩነቱ ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም ግን ቀጭኑን ሰፊ ሪሲቨር (ማውዝፒሱ የሚሰካበት የቱባው አፍ) ውስጥ ስትከት ከሚገባው በላይ ጠልቆ ይገባል፣ አንዳንዴም ይነቃነቃል። በሻንኩ ጫፍና ሊድፓይፑ (ከሪሲቨሩ ቀጥሎ ያለው ቱቦ) በሚጀምርበት መሃል ያለችው ክፍተት ትጠፋለች፣ ያኔ የድምፁ አነሳስም ቲዩኑም ይበላሻል። ሳትጫነው ክተትና በሪሲቨሩ አፍ ልክ በእርሳስ ምልክት አርግ፣ አውጥተህ ለካ። ወደ 2.5 ሴንቲ ገደማ ነው መግባት ያለበት። እስቲ ለካና ንገረን

ሎው ብራስ ዲሲ፦
ከለካህ በኋላ ስለ ክፍሎቹ እኔ ልበል። ሪም የድምፅ ጉዳይ ሳይሆን የከንፈር ጉዳይ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ የውስጥ ጠርዙ ሳል ያለ ከሆነ አታኩ (የኖታው አጀማመር) ጥርት ይላል ግን ልምምድ ረዘም ሲል ከንፈር ይቆርጣል፣ ክብ ያለ ከሆነ ይመቻል አታኩ ግን ለስለስ ይላል። ባክ 18 ክብ የሚባለው ነው፣ ከለመድከው አትንካው፣ ለሱ የሚቀርበውን ሪም ያዝ። ድምፁን የሚቀይርልህ ካፑ ነው። የባክ ካፕ ጎድጓዳ ነው፣ ሄልበርግ የሚባለው ደሞ እንደ ፈነል እየጠበበ የሚወርድ ጥልቅ ነው፣ የአሜሪካው የጆን ፊሊፕ ሱዛ ባንድ ቱባ ተጫዋች በነበረው በኦገስት ሄልበርግ ስም የተጠራ፣ ድምፁ ወፈር ጠቆር ይላል፣ ታች ላይ ደስ ይላል፣ ላይ ላይ ግን ያደክማል። ባክቦር (ከትሮቱ በኋላ ሻንኩ ውስጥ ያለው ቀዳዳ) ጠበብ ሲል ድምፁ ይሰበሰባል፣ ሲከፈት ይሰፋል። ያንተ ተበተነ ስላልክ ሰፊ ባክቦር አትግዛ። ታይታኒየም ነው ስቴንለስ ነው የሚለውን ክርክር እርሳው፣ ብር የተቀባው ካላሳከከህ በቀር ቅርፁ ይቅደም። ደሞ አንዱን ብቻ ቀይረህ ሰንበት በል፣ ሶስቱን ባንዴ ከቀየርክ የቱ እንደረዳህ ማወቂያ የለህም።

ቤዝ ከቨርጂኒያ፦
ኧረ ሙኒኩ ጉድ ነህ! 3 ሴንቲ ተኩል ገባ፣ ትንሽም ይነቃነቃል። ጋሼ እንዳሉትም ሞከርኩ ሁሉም ቫልቭ ጷ ብሏል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ አሁን አዲስ ማውዝፒስ ልግዛ ማለት ነው?

ዘ ሙኒክ፦
ቆይ አትቸኩል። ሻንኩን በስስ ወረቀት ዙሪያውን ጠቅልለህ ወጣ እንዲል አርገውና ታች ያለችውን ኖታ ፋን ፒያኖ ሞክር፣ ወረቀቱ ከሻንኩ ጫፍ አልፎ ቀዳዳውን እንዳይሸፍን ብቻ። ለሙከራ ነው፣ ኮንሰርት ላይ እንዳትወጣበት 😄

ቤዝ ከቨርጂኒያ፦
ሞከርኩት። ፍፍፍ የሚለው በጣም ቀንሷል፣ ድምፁም ሰብሰብ ብሏል። ካፑን ሳልነካው!

ሎው ብራስ ዲሲ፦
በቃ ተገኘ። ብርህን መጀመሪያ የአውሮፓ ሻንክ ላይ አውለው። ተገጣጣሚውን ከፈለግክ ማውዝፒስ ሰሪው ዳግ ኤሊየት ሪም፣ ካፕና ሻንክ ለየብቻ ይሰራል፣ ያንተን ሪም የሚመስል ያዝና ካፑን ወደፊት ታስብበታለህ። ተገጣጣሚ ካልሆነም ፔራንቱቺን የመሳሰሉት የማውዝፒስ ብራንዶች ብዙ ሞዴላቸውን በሁለቱም ሻንክ ይሸጣሉ፣ ስታዝ የአውሮፓውን መሆኑን ብቻ አረጋግጥ። ባክ 18ቱን ደሞ እንዳትሸጥ፣ ባንዳችሁ የአሜሪካ ሱዛፎን (ትከሻ ላይ የሚጠለቅ ቱባ) ካለው እሱ ላይ ልክ ነው የሚገባው።