ሰርቨሩ ሳይጠፋ የኔትወርክ ካርድ መንቀል ይቻላል ወይ?

የሂርማታው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነኝ፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ አይቲ። አይቲ ስል ከፕሪንተር እስከ ሰርቨር ብቻዬን ነኝ ማለት ነው። ያለን አንድ ሰርቨር ነው፤ ሊኑክስ ላይ በኬቪኤም ቨርቹዋል ማሽኖች (በአንዱ ሰርቨር ውስጥ እንደ ተለያዩ ኮምፒውተሮች የሚሰሩ) ይሰራሉ፣ ምዝገባው፣ ፋይናንሱ፣ ፋይል ሼሪንጉ ምናምን ሁሉ እዛ ላይ ነው። ከኋላ የተጨመረው ባለ ሁለት ፖርት የፋይበር ካርድ ሰሞኑን አመል አውጥቷል። አንዱ ፖርት ሊንክ ይጥላል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይጥላል። በሌላኛው ነው የምንንፏቀቀው። ተለዋጭ ካርድ ከአዲስ አበባ መጥቶልኛል፣ ግን ምዝገባ ላይ ስለሆንን ዲኑ "ለደቂቃም እንዳይጠፋ" ብለዋል። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ "ፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዱ የሚሰካበት ስታንዳርድ) እኮ ሆት ፕለግ (ማሽኑ ሳይጠፋ የሚነቀል) ነው፣ በሶፍትዌር አውጣውና ንቀለው" ይላል። እውነት ነው?

ቶሎ መላሽ፦
ኧረ እንዳትነካው! ካርዱ ድንገት ሲጠፋ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሰራው ሶፍትዌር) የሌለ ነገር ማንበብ ይጀምራል፣ ከዛ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሊወድቅ ይችላል፣ ቨርቹዋል ማሽኖችህም ተከትለውት ይሄዳሉ። ለደቂቃ አይጥፋ የተባለው ሰርቨር ባልታሰበ ሰዓት ጠፋ ማለት ነው።

ጋሽ ኬብል፦
ልጄ፣ ጓደኛህ ጨርሶ አልተሳሳተም። ስታንዳርዱ ሆት ፕለግን ይፈቅዳል። ግን ያንተ ስሎት (የካርዱ መሰኪያ) ካልተሰራለት ስታንዳርዱ ምን ይፈይድልሃል?

ሆት ፕለግ ያለው ስሎት የራሱ የኃይል መቆጣጠሪያ አለው። ሌላውን ሳይነካ ለዛ ስሎት ብቻ ኃይሉን ይቆርጥልሃል። ሙሉውን የያዘ ከሆነ አጠገቡ ትንሽ ቁልፍና ሁለት መብራት ታያለህ፣ አረንጓዴው የኃይል ነው፣ ብርቱካናማው የማስጠንቀቂያ። ቁልፉን ስትጫን አረንጓዴው ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ሐሳብህን ከቀየርክ በ5 ሰከንድ ውስጥ ደግመህ ከተጫንከው ይሰረዛል፣ ዝም ካልክ ሲስተሙ ድራይቨሩን ያላቅቅና ኃይሉን ይቆርጣል። መንቀል የሚቻለው አረንጓዴው ጭራሽ ሲጠፋ ነው። ብልጭ እያለ የነቀለ ሰው ግን የራሱ ጉዳይ።

እንዲህ ያለ ስሎት እንደ አይቢኤም ፓወር ባሉ ትላልቅ ማሽኖች ላይ ታገኛለህ። ቢሮ የምናያቸው ተራ የራክ ሰርቨሮች በብዛት የላቸውም። ሰው የሚሸወደው የፊቶቹ ዲስኮች እየሰራ ስለሚነቀሉ የኋላውም እንደዛ ስለሚመስለው ነው።

ለማረጋገጥ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆነህ ኤልኤስፒሲአይ የሚባለውን ትዕዛዝ በሁለት ቪ (lspci -vv) አስኪደው። ካርዱን ራሱን ሳይሆን የተሰካበትን ብሪጅ (ስሎቱን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘውን) ፈልግ። የስሎቱን ችሎታ የሚዘረዝረው መስመር ላይ ሆት ፕለግና ፓወር ኮንትሮል የሚሉት አጠገብ መደመር ወይም መቀነስ ምልክት አለ። መቀነስ ከሆነ በቃ፣ ወሬው አለቀ። መደመር ቢሆንም የአምራቹን ማኑዋል ሳታይ እጅህን አታስገባ።

የሂርማታው ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አየሁት፣ ሁለቱም መቀነስ ነው። ግን ሲስ (/sys) በሚባለው የሊኑክስ ፎልደር ውስጥ ሪሙቭ የሚባል ፋይል አለ፣ 1 ሲጻፍበት ካርዱ ይጠፋል ይላሉ። ከዛ በኋላስ ብነቅለው?

ጋሽ ኬብል፦
ይጠፋል፣ ግን ከሊኑክስ ዓይን ነው የሚጠፋው። 12 ቮልቱ ስሎቱ ላይ እንዳለ ነው። የፒኖቹ ርቀት ከመሃል እስከ መሃል 1 ሚሊሜትር ነው፣ ካርድ ደግሞ ወዘወዝ ሳይደረግ ቀጥ ብሎ ወጥቶ አያውቅም። ትንሽ ዘመም ሲል 12 ቮልቱ የትኛው ፒን ላይ እንደሚያርፍ ማን ያውቃል? ማዘርቦርዱ ከሄደ የካርዱን ነገር ራሱ ትረሳዋለህ። ያ ፋይል የሚጠቅምህ ደንዝዞ የቀረ ካርድ አስወጥተህ በሪስካን መልሰህ ስታስነሳ ነው።

እቴ ሲስአድሚን፦
ቆይ ቆይ፣ ጥፋቱ የካርዱ መሆኑን በምን አወቅክ? አንድ ፖርት ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ኤስኤፍፒ ሞጁሉን (ፖርቱ ላይ ገብቶ ፋይበሩ የሚሰካበትን) ጠርጥር። እሱ እየሰራ እንዲነቀል ተደርጎ የተሰራ ነው፣ የዲንህንም ፈቃድ አይፈልግም። ኢትቱል የሚባለውን ትዕዛዝ በኤም (ethtool -m) አስኪደው፣ ሞጁሉ የሚደግፍ ከሆነ የሚደርሰውን የብርሃን መጠን ያሳይሃል፣ ከጤነኛው ፖርት ጋር አወዳድረው። ትርፍ ሞጁል ካለህ ቀይር፣ የፋይበሩን ጫፍ ጥረግ (በሸሚዝህ አይደለም ታዲያ)፣ ስዊቹ ላይም ፖርት ለውጥ። ጫፉን በዓይንህ እንዳታይ ብቻ፣ የማይታይ ጨረር ነው።

የሂርማታው ልጅ፦
ሁሉንም ቀያየርኩ፣ ሞጁሉን፣ ፋይበሩን፣ የስዊቹን ፖርት። ያው ነው። ጥፋቱ የካርዱ ነው።

ቶሎ መላሽ፦
እንግዲያው ዲኑን አስረዳቸው። ይሄ ሰርቨር መጥፋቱ ላይቀር፣ እኛ በመረጥነው ሰዓት ይጥፋ በላቸው። የጅማ ዝናብና መብራት ሳያማክሯቸው ሊያጠፉት ይችላሉ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማን ይመዘገባል?

ጋሽ ኬብል፦
እሱ ልክ ነው። ባካፕህ መኖሩን ብቻ ሳይሆን መከፈቱንም አረጋግጥ። ከዛ ቨርቹዋል ማሽኖቹን በሥርዓት አጥፋ፣ ቀጥሎ ሰርቨሩን። አሁን ሰው የሚዘናጋበት ቦታ መጣ፦ የጠፋ ሰርቨር ገመዱ እስካለ ድረስ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ 3.3 ቮልት ተጠባባቂ ኃይል ስሎቱ ላይ ሊኖር ይችላል። ሁለት ፓወር ሰፕላይ ካለው ሁለቱንም ገመድ ንቀል፤ አንዱ ዩፒኤስ ላይ ሌላው ግድግዳው ላይ ይሆንና አንዱ ይረሳል። ነቅለህ የማብሪያውን ቁልፍ አንዴ ተጫን፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት እስክትጠፋ ጠብቅ። የስታቲክ ማሰሪያ እጅህ ላይ ይሁን፣ ከሌለህ በየመሃሉ የሻሲውን ያልተቀባ ብረት ንካ። ጅማ እርጥበት ነው ብለህ እንዳትተወው። ካርዱ ራይዘር (ካርዱን አጋድሞ የሚይዝ ተነቃይ ቦርድ) ላይ ከሆነ ራይዘሩን ከነካርዱ አውጥተህ ጠረጴዛ ላይ ፍታው፣ ካርዱን በጠርዙ እንጂ በወርቃማው ጥርስ አትያዝ።

እቴ ሲስአድሚን፦
አዲሱን እዛው ስሎት ላይ መልሰው። ሌላ ስሎት ከሰካኸው ሊኑክስ ለፖርቶቹ የሚሰጠው ስም ሊቀየር ይችላል፣ ያኔ የኔትወርክ ብሪጁ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን ከፖርቱ የሚያገናኘው) የድሮውን ስም ሲፈልግ ቨርቹዋል ማሽኖቹ ይነሳሉ ግን ኔትወርክ የላቸውም። ማክ አድራሻውማ (የካርዱ መለያ ቁጥር) አዲስ መሆኑ አይቀርም። አይድራክ ወይም አይሎ (ሰርቨሩን ከሩቅ መቆጣጠሪያ) ከሌለህ ስክሪንና ኪቦርድ ይዘህ ግባ፣ በኤስኤስኤች (በኔትወርክ በኩል መግቢያ) ብቻ ተማምነህ ሌሊት እንዳትቀር።

የሂርማታው ልጅ፦
ዲኑ ለቅዳሜ ሌሊት ፈቅደዋል፣ አብረውኝም ሊያመሹ ነው አሉ 😅 ስክሪን ከኮምፒውተር ላብ አወጣለሁ። አሁን የኔትወርክ ኮንፊጉን (የማስተካከያ ፋይሉን) ስከፍተው ደግሞ የድሮው ካርድ ማክ አድራሻ ተጽፎበታል።

እቴ ሲስአድሚን፦
ይሄው! አሁኑኑ ኮፒውን ፍላሽ ላይ ያዝ፣ በድሮው ቦታ የምትጽፈውን የአዲሱን ማክ ደግሞ ካርዱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ታገኘዋለህ፣ ሳትሰካው በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳው።